ዐፄዎቹ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ሳንጃን ይዩ

ክረምት በመጣ ቁጥር የፋሲል ከነማ ደጋፊ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ዘንድሮ ማን ፈረመ?» ጎንደር ፒያሳም ይጠየቃል፣ ሳንጃ ኳስ በሚታይበት ቤትም ይጠየቃል። እኛ ደግሞ ዛሬ ሌላ እንጠይቅ፤ ለመሆኑ ቡድኑ የጎደለው ምንድን ነው?

ትንሽ ወደኋላ እንመለስ። ፋሲል በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን፣ በ2013 ደግሞ በሥዩም ከበደ እየተመራ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። በ2014 ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዋንጫውን ጊዮርጊስ፣ ንግድ ባንክና መድን ሲቀባበሉት ዐፄዎቹ ተመልካች ሆኑ።

ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ግብ አዳኙ ሙጂብ ቃሲም በ2013 ክረምት ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄደ። አምበሉ ያሬድ ባየህ በዓመቱ ወደ ጎረቤት ባሕር ዳር ከነማ አቀና። ፊትም ኋላም ተከፈተ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዱ መንገድ ስም ያለው ተጫዋች ማስፈረም ነው። ግን በምን ብር? በ2011 የወጣው የ50 ሺህ ብር የደመወዝ ጣሪያ እንኳ «በጎን ይከፈላል» እየተባለ ሲታማ ነው የኖረው። ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት ዓመት፣ በ2016፣ ዋንጫውን ወስዷል። ከባንክ ጋር በብር መፎካከር ለከተማ ክለብ አያዋጣም።

ሁለተኛው መንገድ ከፍተኛ ሊግ ነው። እዚያ ለመታየት የሚሮጥ፣ በዋጋም የማያስደነግጥ ልጅ ይገኛል። አንድ ግብ የሚያገባ አጥቂና አንድ የመሐል ተከላካይ ከዚያ ይፈለግ።

ሦስተኛውና የተረሳው መንገድ ግን ደጃፍ ላይ ነው። ሳንጃ ፀሐዩ በረድ ሲል ኳስ ይዘው የሚወጡ ልጆች አሉ። ደባርቅም፣ ዳባትም፣ መተማም እንዲሁ። ባለፉት ዓመታት ግጭቱ መንገዱን አስቸጋሪ ማድረጉን አንክድም። ቢሆንም መንገድ በተከፈተ ቀን መልማይ መላክ፣ ካልሆነም ልጆቹን ጎንደር ጠርቶ መሞከር የአንድ ተጫዋች የፊርማ ገንዘብ ያህል አያስወጣም።

«ልጅ ዋንጫ አያመጣም» የሚል ካለ አትሌቲክ ቢልባኦን ይመልከት። የባስክ ልጆችን ብቻ እያሰለፈ እ.ኤ.አ. በ2024 የስፔን ንጉሥ ዋንጫን በልቷል። ሩቅ ነው ካላችሁ ሙጂብ አለላችሁ። እሱም ቀድሞ ተከላካይ ሆኖ የተጫወተ ሰው ነው። አጥቂ ያደረገው የአሠልጣኝ ዓይን እንጂ የዝውውር ገበያ አይደለም።

ስለዚህ የክለቡ አመራሮች ሆይ፣ ሁለት ሰው ግዙ፤ የቀረውን አሳድጉ። የሳንጃው ደጋፊ በሚቀጥለው ክረምት «ማን ፈረመ?» ሳይሆን «የእኛ ልጅ ተሰለፈ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ያን ጊዜ ቡድኑ መንገድ ጀምሯል እንላለን።