የቡድን ጌታ ማን ነው?

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት ወጪና ስለ ጎረቤት አኗኗር ስንጽፍ መቆየታችንን ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን ስለ ጨዋታ ልንጽፍ ወደድን። ጨዋታ ለቤተሰብ ገጽ የሚበቃ ነገር አይደለም የሚል ቢኖር፥ በእሑድ ቀን ወደ አንድ ቤት ገብቶ አባትና ልጅ በሁለት ቡድን ተከፍለው ወጡ እስኪቀዘቅዝ ሲከራከሩ ቢያይ አሳቡን ይለውጥ ነበር።

እኛም ይህን ያየነው በየካ ነው። ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ወዲያ መሬቱ ወደ እንጦጦ ተራሮች ሽቅብ መውጣት በሚጀምርበት በኩል በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ ያረፉ አንድ ወዳጅ አሉን። እሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ናቸው፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጃቸው ደግሞ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው። ዕድሜአቸው ከዘጠና ያለፈው የወዳጃችን አባት በጋቢ ተጠቅልለው ከጥግ ተቀምጠው ይሰማሉ። የቤቱ እመቤት ቡና እያፈሉ፥ ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ ለሁለቱም ይፈርዳሉ።

የዚያን ዕለት ክርክር የተነሣው ግን ከታላላቆቹ ቡድኖች አልነበረም። የሰፈሩ ልጆች ከባሕር ዛፉ ሥር ባለው ሜዳ እሑድ እሑድ የሚጫወቱበት አንድ ቡድን አላቸው፤ የወዳጃችንም ልጅ ከተጫዋቾቹ አንዱ ነው። ኳሳቸው ስፌቱ የተተረተረ ነው፤ ማልያቸውም የአንዱ ካንዱ የማይመሳሰል ነው። በዚህ መካከል በሰፈሩ በንግድ የከበሩ አንድ ሰው ለልጆቹ ሙሉ ማልያ፥ ጫማና ሦስት ኳስ ልግዛላችሁ አሉ። ነገር ግን ሁለት ቃል አከሉበት፤ ይኸውም ቡድኑ በእሳቸው ስም እንዲጠራና የወንድማቸው ልጅ ዘወትር በአጥቂ ቦታ እንዲሰለፍ ነው። የወንድማቸው ልጅ መልካም ጠባይ ያለው ልጅ ነው፤ ኳስ መምታት ግን አልሆነለትም።

ወዳጃችን እንዲህ አሉ፤ «ስጦታውን ተቀበሉ። ያለ ገንዘብ የቆመ ቡድን የት አያችሁ? የእኔ ጊዮርጊስ ዋንጫ የደረደረው ባለጸጋ ስለ ደገፈው አይደለምን?»

ልጁም፤ «አባባ፥ በእርስዎ ቡድን ባለጸጋው የሄደ ዕለት ምን ይቀራል? እኛ ቡናዎች ግን ብንሸነፍም ቡድኑ የእኛ ነው» ሲል መለሰ።

አንባቢ በትክክል እንዲፈርድ የሁለቱን ነገር በየተራው እንመልከት።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በአራዳ ነው። መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ነበሩ፤ ስሙንም ያገኘው ከአራዳ ጊዮርጊስ ነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጠላት አዲስ አበባን ያዘና ቡድኑ በወረራው ዘመን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተብሎ እንዲጠራ ተገደደ። ነጻነት በተመለሰ ጊዜ የቀደመ ስሙን መልሶ ያዘ። በዚህ ቡድን ያደጉት ይድነቃቸው ተሰማም ኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። እንግዲህ ይህ ቡድን ባለጸጋ ሳያገኝ በፊት ስም ነበረው፤ ባዕድ ስሙን ሲነጥቀውም ሰው በልቡ ጠብቆለታል ማለት ነው።

በኋለኛው ዘመን ሼክ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ የቡድኑ ታላቅ ደጋፊ ሆኑ፤ አቶ አብነት ገብረ መስቀልም በፕሬዚዳንትነት ብዙ ዓመት መሩት። ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. ጊዮርጊስ በተከታታይ አራት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ በ2009 ዓ.ም.ም ከኢትዮጵያ ቡድኖች ሁሉ ቀድሞ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ውድድር ውስጥ ገባ። ወዳጃችን ገንዘብ ያለውን ኃይል ሲያደንቁ ያለ ማስረጃ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሼኩ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በሪያድ ተይዘው እስከ ጥር 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይለቀቁ ቆዩ። ዋንጫውንም በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር፥ በ2011 ዓ.ም. መቀሌ ሰባ እንደርታ፥ በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ ወሰዱት፤ የ2012 ዓ.ም. ውድድር በወረርሽኙ ምክንያት ተሰረዘ። ጊዮርጊስ ወደ ዋንጫው የተመለሰው በ2014ና በ2015 ዓ.ም. ነው። እኛ ዋንጫው የራቀው በሼኩ መታሰር ነው አንልም፤ የሌሎቹን ቡድኖች ድካም መናቅ ይሆንብናልና። ዳሩ ግን ብዙ ሺህ ሕዝብ የሚወድደው ነገር በአንድ ሰው ደኅንነት ላይ ሲንጠለጠል፥ አስተዋይ የሆነ ሁሉ «ነገስ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ወደ ልጁ ነገር ብንመለስ፥ ቡና በእውነት የደጋፊ ቡድን መሆኑን ማንም አይክድም። ቡኒና ቢጫ ለብሶ የሚዘምረው ሕዝብ ቡድኑ ሲሸነፍ የባሰ ይዘምራል። ነገር ግን ቡና እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፥ በ2003 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ፍቅር ብቻውን ዋንጫ እንደማያመጣ ልጁም ሊያውቅ ይገባዋል።

ደግሞም በአገራችን አብዛኞቹ ቡድኖች የአንድ ባለጸጋም የደጋፊም አይደሉም፤ ወይ የከተማ አስተዳደር፥ ወይ የመንግሥት ድርጅት ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሣው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ መድን። ይህ ዐይነት ጌትነት ደመወዝ በጊዜው ይከፍል ይሆናል፤ ነገር ግን በጀት የሚቈርጠው ሹም የጨዋታውን ቀን ባያውቀው አይደንቅም። የኳስ ዕድል ተገለባባጭ ስለ መሆኑም ደደቢት ይበቃናል፤ በ2005 ዓ.ም. የአገሩ አንደኛ የነበረው ቡድን በ2011 ዓ.ም. ከከፍተኛው ሊግ ወረደ። ከዚህም በላይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታ በጥቂት ከተሞች በዙር የሚካሄድ ሲሆን፥ የአዲስ አበባ ደጋፊ ቡድኑን ለማየት አንድ ጊዜ ወደ ሐዋሳ፥ አንድ ጊዜ ወደ ድሬዳዋ መሄድ ወይም በቴሌቪዥን መስኮት መመልከት ግድ ሆኖበት ነበር። ቡድን ከሰፈሩ ሲርቅ ጌታው ማን እንደሆነ ይበልጥ ይጨልማል።

ክርክሩ እዚህ ላይ ሲደርስ አዛውንቱ ከጋቢያቸው ራሳቸውን አወጡና «እናንተ ስለ ኳስ ስትጣሉ እኔ ስለ ገና አስባለሁ» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን።

የገናን ጨዋታ የማያውቅ አንባቢ የለንም፤ ቢሆንም ዛሬ በከተማ ከበዓሉ በቀር ጨዋታውን ያላዩ ልጆች ስለበዙ ጥቂት እንበል። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይያዛል፤ ሩር ወይም ጥንግ የተባለችው ድብልብል ትለጋለች፤ ሁለት ወገንም ተሰልፎ ወደ ሌላው ወሰን ለማድረስ ይታገላል። እንግሊዞች ሆኪ ከሚሉት ጨዋታ ጋር ይመሳሰላል። ዛሬም በየዓመቱ በሚደረገው የባህል ስፖርት ውድድር ውስጥ ተቆጥሮ ይገኛል።

አዛውንቱም እንዲህ አሉን፤ «በእኛ ልጅነት ዱላውን ከወይራ ቆርጠን በእሳት አሙቀን እናጎብጠው ነበር። በሜዳው ዳር መኳንንት ተቀምጠው ያያሉ። ሲመሽ ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ ወደ ጌታው ቤት ይሄዳል፤ ጌታውም ያበላል፥ ያጠጣል። ነገር ግን በዚያን ዕለት ሎሌው ጌታውን በግጥም ቢሸነቁጠው፥ ስስታም ቢለው፥ ዱላውም በእግሩ ላይ ቢያርፍ ጌታው መቆጣት አይችልም፤ ልማድ ነውና። የሚያበላው ጌታው ነው፤ ጨዋታው ግን የተጫዋቹ ነው። በማግሥቱ ደግሞ ሁሉም ወደ ማዕረጉ ይመለሳል።»

እኛም ይህን ነገር በመንገዳችን ስናሰላስል፥ አባቶቻችን ያለ መተዳደሪያ ደንብና ያለ ጠበቃ ያቆሙት ሕግ ዛሬ ዓለሙ ሁሉ የሚደክምበት ሆኖ አገኘነው። በጀርመን አገር የኳስ ክበብ ባለገንዘብ ቢያስገባም፥ ከጥቂቶች በቀር፥ የድምፁ ብልጫ ከአባሎቹ እጅ እንዳይወጣ ደንብ አለ። የባርሴሎና ክበብ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት አባሎቹ ናቸው። በካናዳ የኩቤክ ከተማ ሰዎች ግን የበረዶ ሆኪ ቡድናቸው በ1987 ዓ.ም. ተሸጦ ወደ አሜሪካ፥ ወደ ኮሎራዶ ሄደባቸው፤ በማግሥቱ ዓመት ያው ቡድን በአዲሱ አገሩ የስታንሊን ዋንጫ አነሣ። ብዙ ዓመት በብርድ ቆሞ የደገፈው ሕዝብ ዋንጫውን ከሩቅ ተመለከተ። ከዚህ የሚመርር የደጋፊ ኀዘን አናውቅም።

ባለጸጋ ሁሉ ግን እንዲህ ነው ማለት ሐሰት ነው። የእንግሊዙ የሌስተር ቡድን ባለቤት የነበሩት የታይላንዱ ባለጸጋ ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ ቡድኑን በ2008 ዓ.ም. ለአገሩ አንደኛነት አብቅተውታል፤ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሜዳው በተነሣ ሄሊኮፕተር አደጋ ሲሞቱ የከተማው ሕዝብ እንደ ራሱ ዘመድ አለቀሰላቸው። ባዕድ የነበሩት ሰው የከተማው ሰው ሆነው ነበርና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍርዳችን ምንድር ነው? ለባለጸጎችና ለሹማምንት አንባቢዎቻችን እንዲህ እንላለን። ቡድን መርዳት መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቡድን እንደ ቤትና እንደ መሬት አይገዛም። ሜዳውንና ኳሱን ገንዘባችሁ ይሠራዋል፤ ስሙንና ዘፈኑን ግን ሕዝብ ነው የሚሠራው። የገናው ጌታ ሎሌው ሲሸነቁጠው የሚስቅ ስለ ነበር ክብሩ አልቀነሰም፤ ይልቁንም ለዓመቱ ሁሉ ተወደደ። ደጋፊ ሲተች የማይታገሥ ባለጸጋ ግን ገንዘቡንም ፍቅሩንም አንድ ላይ ያጣል።

ለደጋፊዎችም የምንለው አለን። «ቡድኑ የእኛ ነው» ማለት በአፍ ቀላል ነው። የእናንተ ከሆነ በየወሩ ከደመወዛችሁ ጥቂት አዋጡ፥ ሒሳቡንም ጠይቁ። ሲያሸንፍ ባለጸጋውን የሚያወድስ፥ ሲሸነፍ ደግሞ የሚሰድብ፥ እሱ ራሱ ግን ሳንቲም የማያወጣ ደጋፊ፥ በሰው ድግስ ወጡ ጨው አነሰው እንደሚል እንግዳ ነው።

የሰፈሩ ልጆች ነገር እንዴት ሆነ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በዚያው ዕለት ማታ የቤቱ እመቤት ወረቀትና ብዕር አምጥተው ልጆቹን ሰበሰቡአቸው። ልጆቹም ለባለጸጋው የሚላክ አንድ ደብዳቤ በአክብሮት ጻፉ። ቃሉም ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ስጦታዎን በምስጋና እንቀበላለን፤ ለእርስዎም በሜዳው ዳር የመጀመሪያው ወንበር ይዘረጋል፤ ቡድናችን ግን በሰፈሩ ስም ይጠራል፤ የወንድምዎ ልጅም እንደ እኛ ይለማመዳል፥ በችሎታው ይሰለፋል፤ እኛም በየሳምንቱ ከኪሳችን ለኳስ እናዋጣለን። ወዳጃችን መጀመሪያ «ሰውየውን ታስቀይማላችሁ» ብለው ተቃወሙ፤ ኋላ ግን መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉን ያረሙት እሳቸው ናቸው።

ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ ከባለጸጋው መልስ አልመጣም። ልጆቹ ባለፈው እሑድ በዚያችው በተተረተረች ኳስ ተጫውተው በኮተቤ ልጆች ሦስት ለአንድ ተሸነፉ። የባለጸጋው ወንድም ልጅ ግን ማንም ሳይጠራው መጥቶ ከዳር ቆሞ ነበር፤ በሁለተኛው አጋማሽም አስገቡት። አንዷን ጎል ያገባት እሱ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ያገኛትን ኳስ ወደ ሰማይ ለጋት። ነገር ግን ኳሷ በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል ስትንከባለል ሮጦ ያመጣት እሱ ነው፤ ጓደኞቹም ከትከሻው ላይ መታ መታ አደረጉት።

አዛውንቱ በምርኩዛቸው ተደግፈው ይህን አዩና «አሁን ቡድን ሆናችሁ» አሉ። እኛም ከዚህ የበለጠ የምንጨምረው የለንም።