የዐይን ማዝና የእኛ ምክር

መቸም ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚመለስ ተማሪ ከመጽሐፉና ከልብሱ ጋር የሚሸከመው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ምክር ነው። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከገበዝ ማርያም አካባቢ የመጣን ተማሪዎች ይህን ደጋግመን አይተናል። ዝንብ የወረረው የሕፃን ፊት ሲታይ፣ የተማረው ሰው ወደ እናቲቱ ዞሮ «እትዬ፣ ምነው የልጁን ፊት ቢያጥቡት» ይላል። ይህን ብሎ ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል። እኛ ደግሞ ምክሩ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው እንላለን፤ ብቻውን የቆመ ምክርም ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

የምንናገረው ስለ ትራኮማ፣ በአማርኛችን የዐይን ማዝ ስለሚባለው በሽታ ነው። በሽታው የሚመጣው ከባክቴሪያ ሲሆን፣ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ነው። እናት የአንዱን ልጅ ዐይን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ በዚያው ጫፍ የሌላውንም ትጠርጋለች። ወንድማማቾች በአንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ጋቢ ሥር ያድራሉ። ዝንቡም ሜዳ ላይ በተጣለ ዐይነ ምድር ይራባና የዐይንና የአፍንጫ ፈሳሽ እየፈለገ ከፊት ወደ ፊት ይዞራል። በሽታው አንድ ጊዜ ብቻ ይዞ ቢለቅ ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከሕፃንነት ጀምሮ እየተመላለሰ ሲይዝ የዐይን ቆብን ውስጡን ያቆስላል፤ ቁስሉ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዐይን በተጨፈነና በተገለጠ ቁጥር ብሌኑን ይፍቀዋል። ባላገሩ ጠጉሩን በወረንጦ ይነቅለዋል፤ ተመልሶም ይበቅላል። በመጨረሻ ብርሃን ይጠፋል።

በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶው 40 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። በአማራ ክልል ግን ቁጥሩ ከመቶው ከ60 በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በዘመቻ ለሕዝቡ በነጻ ሲታደል ቆይቷል፤ በብዙ ወረዳም በሽታው ቀንሷል። ይሁንና በሌሎች ወረዳዎች ከዐሥር ዓመት እደላ በኋላም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከዓለም ሊጠፋ የታሰበውም በሽታ ቀጠሮው ወደ 2030 ተዛውሯል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ሕዝባችን ከበሽታ ልማድ አይማርም የሚሉ አሉ። ይህ እውነት ነውን? በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ያ የዓለም ሁሉ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። ከዚያ የተነሣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆነ፤ ኅዳር ሲታጠን እያልን ከመቶ ዓመት በኋላም እናጨሳለን። ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው በትንፋሽ ስለሆነ ጭሱ እርሱን አይከለክለውም። ነገር ግን ሕዝቡ ሞትን በዐይኑ ያየ ጊዜ ልማድ ማቆም እንደሚችል ይህ በቂ ምስክር ነው።

የዐይን ማዝ ግን ልማድ አያስተምርም፤ ምክንያቱም ቀስ ብሎ የሚሄድ ሌባ ነው። ሕፃኑን በሦስት ዓመቱ ይይዘዋል፤ ብርሃኑን የሚወስደው ግን ሠላሳና አርባ ዓመት ቆይቶ ነው። እናት የልጇን ዐይነ ምላሽና የአያቲቱን መታወር በአንድ ገመድ የምታያይዝበት ምክንያት የላትም፤ አንዱ የልጅነት ነገር፣ ሌላው የእርጅና ነገር ሆኖ ይታያታል። እንግዲህ የእኛ የተማርነው የመጀመሪያ ሥራ ይህን ገመድ ማሳየት እንጂ «ታጠቡ» ብሎ ማዘዝ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ውኃ ነው። በመፈናቀልና በአደጋ ላይ ላሉ ሰዎች እንኳ ዝቅተኛው ልክ ተብሎ በዓለም የተያዘው ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ውስጥ እናትና ልጅ እየተመላለሱ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ቢያመጡ፣ ለአንድ ሰው ሰባት ሊትር አይሞላም። ከዚያውም ላይ ወጥ ይሠራል፣ ሊጥ ይቦካል፣ ቡና ይፈላል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፊት ለመታጠብ ግማሽ ጣሳ ይበቃል» ይላሉ። ልክ ነው፤ ይበቃል። ግን በጀርባ የመጣ ውኃ ሁሉ ተራ አለው፤ የሕፃን ፊት ደግሞ ከተራው መጨረሻ ይቆማል።

እዚህ ላይ ለእኛም የማይመች እውነት አለ። በዋግ ኽምራ በገጠር ቀበሌዎች ለሦስት ዓመት ያህል የውኃ ቦታ እየተሠራ፣ ስለ ንጽሕናም እየተሰበከ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት በሽታው ይህ ካልተደረገላቸው ቀበሌዎች ይልቅ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በጎረቤታችን በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ደግሞ ለአራት ዓመት የታደለው መድኃኒት በአንዳንድ መንደሮች እንዲቆም ሲደረግ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በሽታው እንደገና ጨምሯል። እንግዲህ ከሁለቱ ምን እንማራለን? ውኃና ምክር መድኃኒቱን አይተኩም፤ መድኃኒቱም ሲቆም በሽታው ይመለሳል። በአንድ እግሩ የሚቆም ሥራ አይደለም። ሁሉንም አብረው የያዙ አገሮች ግን ተሳክቶላቸዋል፤ ሞሮኮ በ2016፣ ጋናም በ2018 እ.ኤ.አ. በሽታው የሕዝብ የጤና ችግር መሆኑ ማብቃቱን የዓለም የጤና ድርጅት መስክሮላቸዋል።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ተማሪ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። የመንግሥት ሥራ መሆኑን አንክድም። ቧንቧ የምንዘረጋ እኛ አይደለንም፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ባለሙያና መድኃኒት ከቦታው ማድረስም በእጃችን አልነበረም። ነገር ግን ማንም ሳያዘን፣ ገንዘብም ሳንጠይቅ የምንሠራው ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ መድኃኒት በሚታደልበት ቀን ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከብት ይዞ ሜዳ የዋለው እረኛ ነው። ስሙን ይዞ የሚፈልገው፣ ከብቱንም ተቀብሎ ወደ እደላው የሚልከው ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ወረንጦ ከእጃቸው የማይለይ እናቶችና አክስቶች አሉን፤ ሕፃናቱን የሚያቅፉት እነሱ ናቸውና በዚህ በሽታ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይታወራሉ። የተቀለበሰውን ቆብ የሚያቀናው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ በሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ይሠራል፤ በዘመቻም በነጻ ይሰጣል። ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚመራቸው፣ ቤታቸውንና ከብታቸውን የሚጠብቅላቸው ማጣት ነው። ከዚህ ሁሉ እኛ የማንችለው የቱ ነው? ዲግሪ ልንይዝ ነው እንጂ ከብት መጠበቅ ገና አልረሳንም። ሦስተኛ፣ ምክራችንን ከአባታችን ጓሮ እንጀምር፤ አንድ የመጸዳጃ ጉድጓድ በሁለትና በሦስት ቀን ይቆፈራል። የተቆፈረ ጉድጓድ ከመቶ ንግግር ይልቅ ለጎረቤት ይታያል።

መምህሮቻችንንም የምንለምነው አለን። የተማሪ የዕረፍት ሥራ በዘልማድ እንዳይቀር፣ ወደየወረዳው የሚሄደውን ተማሪ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር አገናኙልን፤ ስንመለስም ስንት ንግግር እንዳደረግን ሳይሆን ስንት ሰው ለሕክምና እንዳደረስን ጠይቁን።

ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ዓ.ም. ነው። ያጠፋው ክትባቱ ብቻ አይደለም፤ ክትባቱን ይዘው በእግርና በበቅሎ፣ ከመንደር ወደ መንደር፣ በሽተኛውን ከተደበቀበት እየፈለጉ የሄዱ ወጣቶች ጭምር ናቸው። የዐይን ማዝም የሚፈልገው እንዲህ ያለውን እግር ነው። በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ምላሳችንን ብቻ ይዘን አንሂድ።