የማይከፈት ፎቶግራፍ ምስክር አይሆንም

ንግድ በመተማመን የሚካሄድ ሥራ ቢሆንም፣ መተማመንን የሚያጸናው ማስረጃ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ከማስረጃው ብዙው በእጅ ስልክ የሚነሣ ፎቶግራፍና ቪዲዮ ሆኗል። ከሞጆ ደረቅ ወደብ የወጣ ዕቃ ተሰብሮ ወይም ርሶ ሲገኝ፣ አስመጪው ለመድን ድርጅቱ የሚያቀርበው ይህንኑ ነው፤ ቡናና ሰሊጥ ላኪውም ጭነቱን ለገዢው የሚያሳየው በዚሁ ነው። ፎቶግራፉ በስልኩ ላይ ጠርቶ እየታየ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር አልከፈት ሲል ግን ሥራው ይስተጓጎላል፤ የአቤቱታውም ቀን ያልፋል።

የችግሩ ምክንያት የስልኩ መበላሸት አይደለም። አፕል ኩባንያ ከመስከረም 2010 ዓ.ም. ጀምሮ አዳዲሶቹ የአይፎን ስልኮች ፎቶግራፉን ኤች.ኢ.አይ.ሲ.፣ ቪዲዮውንም ኤች.ኢ.ቪ.ሲ. በተባለ አሠራር እንዲያስቀምጡ አድርጓል። አሠራሩ ከቀድሞው ግማሽ ያህል ቦታ ብቻ ስለሚይዝ ጥቅሙ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነላቸው ሊያነቡት አይችሉም።

አንዳንዶች መፍትሔ መስሏቸው ፎቶግራፉን ወደማያውቁት የኢንተርኔት መለወጫ ይሰዳሉ። ዋጋ የተጻፈበትን ሰነድ በዚህ አኳኋን ለባዕድ አሳልፎ መስጠት ግን የንግድን ምሥጢር መበተን ነው። ሌሎች ደግሞ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶግራፍ ይልኩታል፤ በዚህ ጊዜ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት የሚያመለክተውም መረጃ ይጠፋል። መላኩ ግድ ከሆነ በፋይልነት መላክ ይገባል።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ ስልኩን ማስተካከል ነው። በአይፎን ማስተካከያ ውስጥ «ካሜራ» ከሚለው ክፍል «ፎርማትስ» ተከፍቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» ቢመረጥ፣ ከዚያ ወዲህ የሚነሣው ሁሉ በቀድሞው አሠራር ይቀመጣል። ቀድሞ ለተነሡት ደግሞ «ፎቶስ» በሚለው ክፍል ግርጌ «ኦቶማቲክ» የሚለው ሲመረጥ፣ በገመድ ወደ ኮምፒዩተር ሲተላለፉ እየተለወጡ ይሄዳሉ። ገመዱ ሲሰካ ስልኩ ተከፍቶ «ትረስት» የሚለው መነካት አለበት። አልታይ ላለ ቪዲዮም ቪ.ኤል.ሲ. የተባለው ነፃ ማጫወቻ ይበቃል።

እንግዲህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ይህን ሥራ ለአንድ ኀላፊ ሠራተኛ ቢሰጥ፣ ሠራተኛውም ዕቃው በተራገፈበት ዕለት ፎቶግራፉን በኮምፒዩተር ከፍቶ ቢያረጋግጥና ዋናውን ቅጂ ሳይነካ ቢያስቀምጥ፣ ከብዙ ኪሳራ ይድናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ማስረጃ የሚዘጋጀው ክርክር ከመነሣቱ በፊት ነው።