ቀጭን ስለሆንን ከደም ግፊት አናመልጥም

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ማክሰኝት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ናት። እዚያም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ስለ ደም ግፊት ሲነሳ ብዙዎቻችን "የወፍራሞች በሽታ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ቀጭኑ ገበሬ፣ ቀጭኑ ነጋዴ፣ ቀጭኗ እናት ሳይለኩ ይኖራሉ።

ቁጥሩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 16 በመቶ የሚጠጉት ከፍተኛ የደም ግፊት ነበራቸው። ከመጠን ያለፈ ክብደት የተገኘባቸው ግን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በአገራችን ግፊት ካለባቸው አብዛኞቹ ወፍራሞች አይደሉም።

ታዲያ ውፍረት ጉዳት የለውም ማለት ነው? በፍጹም። ስብ ሲበዛ ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይጨምራል፤ አንጎልም በነርቮች በኩል ልብንና ኩላሊትን ያነቃቃል። ኩላሊት ጨውና ውሃ ይይዛል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል።

ይህ ሰንሰለት ግን በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይሠራም። ልዩነቱን ከሚፈጥሩት አንዱ ከወላጅ የወረስነው ዘረመል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ኤምሲ4አር የተባለው ዘረመል በትክክል የማይሠራላቸውን ሰዎች ተመልክቷል። እነዚህ ሰዎች በጣም ወፍራም ቢሆኑም የእነሱን ያህል ክብደት ካላቸው ሌሎች ሰዎች ይልቅ ግፊታቸው ዝቅተኛ ነበር። ስብን ከግፊት ጋር የሚያገናኘው መስመር በተፈጥሮ ላልቶባቸዋል። በተቃራኒው ጨውን አጥብቆ የሚይዝ ኩላሊት የወረሰ ሰው ሳይወፍርም ግፊት ሊይዘው ይችላል።

የዚህ ዘርፍ ታላላቅ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በአውሮፓውያን ዝርያ ላይ ነው። የሌላ ሕዝብ ውጤት ደግሞ ሁልጊዜ ለእኛ አይሆንም። በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ ከኩላሊት በሽታ ጋር የተያያዙት የአፖኤል1 ዘረመል ዓይነቶች በኢትዮጵያውያን ላይ ሲፈለጉ አልተገኙም። በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሄሞግሎቢናቸው ሳይጨምር በቂ ኦክስጅን በደማቸው እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2002 ተረጋግጧል። የራሳችን ጥናት ያስፈልገናል የምንለው ለዚህ ነው።

እስከዚያው ገንዘብ የማይጠይቅ የዘር ምርመራ በእጃችን አለ፤ እሱም አባትና እናትን መጠየቅ ነው። ከወላጆቻችን አንዳቸው ግፊት ካለባቸው ወይም በስትሮክ ከተመቱ፣ ቀጭንም ብንሆን እንለካ። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ እንሂድ።

ዘርን መቀየር አንችልም፤ ጨውን ግን መቀነስ እንችላለን። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች እንድንወስድ ይመክራል። ጫትም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ እንወቅ። መድኃኒት የጀመሩ ወገኖች ረመዳን ሲገባ በራሳቸው ውሳኔ አያቋርጡ፤ ሰዓቱን ወደ ሱሁርና ኢፍጣር ለማዛወር አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ።

በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የመድኃኒት አቅርቦት ይቆራረጣል። የግፊት ታማሚ ግን አንድ ወር ጠብቅ ቢባል አይችልም። የሚመለከታቸው አካላት ለገጠር ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት በቅድሚያ ያድርሱ። የመስጂድ ጀማዓዎቻችንም ከጁሙዓ በኋላ መለኪያ የያዘ ባለሙያ ቢጋብዙ ብዙ ቤት ከድንገተኛ ሐዘን ይተርፋል ኢንሻአላህ።