ከቀብድ በፊት ችካል

ቤት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ያጣራል። ካርታው በእርግጥ የሻጩ ነው ወይ? ዕዳና እግድ አለበት ወይ? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርማል ወይ? ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው ግን የሚገኘው ወረቀት ላይ ነው። ሰነዶች ማረጋገጫ ውሉን ያረጋግጣል፣ የክፍለ ከተማው ማኅደር ዕዳና እግድ ካለ ይናገራል። ከሁለቱ አንዱም ግቢው ድረስ ሄዶ አጥሩ የቆመበት ቦታና ካርታው ላይ ያለው መስመር መግጠማቸውን አያይም። ይህ ለገዢው የተተወ ሥራ ነው። ገዢው ደግሞ ደላላው «200 ካሬ ሙሉ ነው» ካለው በኋላ ግቢውን በዓይኑ ገምቶ ቀብድ ይከፍላል። እኔ የምለው፣ ወሰኑ በቀያሽ ተለክቶ፣ ችካል ተተክሎና አዋሳኞች በቦታው ቆመው ሳያዩት ቀብድ መከፈል የለበትም።

ብዙ ሰው የሚታለለው በካሬው ቁጥር ነው። ስፋትና ወሰን ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 20 ሜትር የሆነ ቦታ እንውሰድ። በስተግራ ያለው ጎረቤት አጥሩን ግማሽ ሜትር ወደዚህ ገፍቶታል፤ በስተቀኝ ደግሞ የዚህ ቤት ባለቤት የራሱን አጥር ግማሽ ሜትር ወደ ሌላው ገፍቶታል። በሜትር የለካ ሰው ልክ 200 ካሬ ያገኛል፣ ከካርታው ጋርም በቁጥር ይገጥምለታል። ሆኖም በአንድ ወገን 10 ካሬ ተወስዶበታል፣ በሌላው ወገን 10 ካሬ የሰው መሬት ይዟል። ሰርቪስ ቤቱ የተሠራው በዚያ በቀኙ ወገን ከሆነ ገዢው የገዛው ወደፊት ፍረስ ሊባል የሚችል ግድግዳ ነው። ይህን በሜትር ማወቅ አይቻልም፤ የሚታወቀው ካርታው ላይ ያሉት የማዕዘን ቁጥሮች መሬት ላይ ሲወርዱ ብቻ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች አሁን አሁን ስልክ ያለው ሁሉ በራሱ ሊያወርዳቸው ይሞክራል። እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በካርታው ላይ በየማዕዘኑ አንድ የኤክስና አንድ የዋይ ቁጥር አለ። የአዲስ አበባ ካርታዎች በብዛት የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቅየሳ መነሻ ነው፤ ስሙን ያገኘው ሱዳን ውስጥ ካለ ቦታ ሲሆን፣ መረቡ ወደ እኛ የተዘረጋው ከዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጋር ተያይዞ ነው። ስልክ የሚያሰላው ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። የሁለቱ ልዩነት እኛ አገር 200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ቁጥሩን ሳይቀይር የፈለገ ሰው ሌላ ሰፈር ላይ ቆሞ ካርታው ሐሰተኛ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ በዚህ ብቻ ከሻጭ ጋር መጣላት ያሳዝናል። ቁጥሩ በትክክል ቢቀየር እንኳ ስልክም ሆነ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትሮችን ይስታል። ፊቱ 10 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ የ3 ሜትር ስህተት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ለወሰን የሚታመነው ከታወቀ መቆጣጠሪያ ነጥብ ተነሥቶ በቶታል ስቴሽን ወይም በአርቲኬ ጂፒኤስ የሚሠራ፣ ስህተቱ በሴንቲሜትር የሚቆጠር ልኬት ነው።

መሣሪያው ብቻውን ግን አይበቃም። ገጠሩ በዚህ ረገድ ከከተማው የተሻለ ትምህርት አለው። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ለገበሬው የተሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ የመሬት ይዞታ ደብተር ካርታ አልነበረውም፤ መሬቱ በገመድ ቢለካም ባይለካም፣ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ እየተባለ አዋሳኝ ይመዘገብ ነበር። ሁለተኛው ደረጃ ሲመጣ ከአየር የተነሣ ፎቶ ታትሞ ወደ ማሳው ወረደ። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ድንበሩን አብረው ዞረው በፎቶው ላይ አስመሩ፤ ውጤቱም ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ለሕዝብ እይታ ተለጠፈ። ትክክለኛነቱ ከፎቶው ቢመጣም ተቀባይነቱ የመጣው ጎረቤት ባለበት በመሠራቱ ነው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006ም ማረጋገጥን ከምዝገባ በፊት ያስቀመጠው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

«ገበያው አይጠብቅም፤ ልኬት እስኪመጣ ሌላ ገዢ ይወስደዋል» የሚል አለ። ችግሩ እውነት ነው፤ ግን የቀብድን ሕግ እናስታውስ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ አጥሩ ካርታውን እንደሳተ ከቀብድ በኋላ የደረሰበት ገዢ ወይ ገንዘቡን ይተዋል፣ ወይ ጠቡን ይገዛል፣ ወይ ጥፋቱ የሻጩ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መፍትሔው በዚያው ሕግ ውስጥ አለ፦ መጠበቅ ካልተቻለ «በቀያሽ ልኬት ወሰኑ ከካርታው ጋር ካልገጠመ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር በቀብድ ውሉ ላይ ይግባ። ይህን ለመፈረም የሚያንገራግር ሻጭ ስለ ድንበሩ አንድ ነገር እየነገረን ነው። ወጪውን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ብዙውን ጊዜ ባለሙያ ሄዶ እንዲለካ መታዘዙ፣ ወጪውም መምጣቱ አይቀርም።

«ጎረቤቶቹ ዓመታት ተስማምተው የኖሩበትን አጥር ለምን ትነካካላችሁ?» የሚለው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ለጉርብትና ያለን ክብር ያለበት ነውና አላቃልለውም። ነገር ግን የተስማሙት ሻጩና ጎረቤቱ ናቸው። ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ሲሄድ ስምምነቱም አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ሰው አጥሩን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ መሠረት ሲያስቆፍር ነገሩ እንደ አዲስ ይነሣል፤ ያኔ ደግሞ ጎረቤቱን ለማነጋገር የሚያስችል ትውውቅ የለውም። አሮጌው ባለቤት ገና በግቢው ሳለ፣ ሦስቱም ወገን ባለበት መነጋገር ለጎረቤቱም የተሻለ ነው።

እውነተኛው እንቅፋት ብዙዎች ጮክ ብለው የማይናገሩት ትርፍ ይዞታ ነው። ባለቤቱ ቀያሽ ካስገባ ከካርታው በላይ የያዘው ቦታ ይታወቅና ይወሰድብኛል ወይም በሊዝ ክፈል እባላለሁ ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። በዚህ ምክንያት ገዢው ለተደበቀ ትርፍም ጭምር ከፍሎ፣ ችግሩን ከነዕዳው ይረከባል። ከተማ አስተዳደሮች የተጣራ ወሰን ከፈለጉ ድንበሩን በራሱ ፈቃድ ያስለካ ባለይዞታ ተገዶ ከተደረሰበት ሰው የተለየ አስተያየት ሊያገኝ ይገባል፦ ትርፉን በግልጽ በታወቀ ተመን የሚያስተካክልበት ወይም ያለ ቅጣት የሚለቅበት የጊዜ ገደብ። የወሰን ማሳያ ጥያቄም ቀኑ የተወሰነ አገልግሎት ይሁን፤ ቀያሹ የፈረመበት፣ የማዕዘን ቁጥሮቹና የአዋሳኞቹ ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ይሰጥ፤ ሰነዶች ማረጋገጫም የሽያጭ ውሉን ሲያጸድቅ ያንን ገጽ አብሮ ይጠይቅ።