የቤትን ግድግዳ በገዛ እጅ ስለ ማደስ

ክረምት ሊገባ ሲቃረብ በየሰፈሩ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ግድግዳውን ማን ይመርግልኝ?» የሚል። ሠራተኛ ይፈለጋል፤ ዋጋ ይጠየቃል፤ ዋጋው ከወር ገቢ በላይ ሆኖ ሲገኝ ሥራው ለከርሞ ይተላለፋል። በዚህ መካከል ዝናቡ ይደርሳል። በእኛ አስተያየት ግን የጭቃ ቤት እድሳት በአብዛኛው ባለቤቱ ከነቤተሰቡ ሊፈጽመው የሚችል ተግባር ነው።

አፈሩ ከደጅ፣ ጭዱ ከገበያ በቀላሉ ይገኛል። ኪስን የሚያራቁተው የጉልበቱ ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ጉልበት ብቻውን አይበቃም፤ ትዕግሥትም ያሻል። አፈሩ ከድንጋይና ከሥራሥር ጸድቶ ከጤፍ ጭድ ጋር ከተቦካ በኋላ ውኃ እየተጨመረበትና በእግር እየተረገጠ ለብዙ ቀናት መሰንበት አለበት። ጭዱ ሲበሰብስና ሽታው ሲለወጥ ጭቃው ይያያዛል። የቸኮለ ሰው ጧት አቡክቶ ከቀትር በኋላ ይመርጋል፤ ግድግዳውም ሲደርቅ ይተረተራል። የማለስለሻው ልስን ደግሞ የመጀመሪያው ምርጊት በሚገባ ሳይደርቅ ሊደረብበት አይገባም።

ይህ ጸሐፊ በአንድ ወቅት ብልህ የሆነ መስሎት የጭቃ ግድግዳውን ውጭ በሲሚንቶ አስለስኗል። ከአንድ ክረምት በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ጭቃ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ደረቅ በመሆኑ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ በስንጥቁ የገባውንም ውኃ አፍኖ ያስቀረዋል። ግድግዳውን የሚያስተነፍሰው ኖራ በዋጋም ይረክስ ነበር! ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ግን የግድግዳው እግር ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሬት ላይ ነጥሮ የሚቦረቡረው እርሱን ስለሆነ፥ ድንጋይ መደርደርና የውኃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ከቀለም ይቀድማል።

በቀበሌ ቤት የሚኖረው ወገናችን ጉዳይ ለየት ይላል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፥ «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ አከራዩ ያድሰው» የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰድዷል። አባባሉ መሠረት የለውም አንልም፤ አከራይም ግዴታ አለበት። ነገር ግን ግድግዳ ማመልከቻ አያነብም፤ በእርጥበቱ የሚያስሉትም የተከራዩ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የቤቱን ቅርጽ ለሚለውጥ ሥራ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለ ሆኖ፥ ለተሰነጠቀ ምርጊት ጎረቤት ከጎረቤት በደቦ ቢረዳዳ መልካም ነው።

በገዛ እጅ ሊሞከር የማይገባም አለ። የኤሌክትሪክ መስመር ለባለሙያ ይተው። በምስጥ የተበላ የጣሪያ ማገር ላይም የሚወጣ ሰው ያተረፈውን ገንዘብ ለወጌሻ ይከፍላል። ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ግን ምስማሩን ከነጎማው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ እንዳይመታ አደራ እንላለን።