ቁልቁለት ላይ ሞተር የለም

«ጎማው ሰፊ ይሁን እንጂ የቀረውን ሞተሩ ይጨርሰዋል።» ይህን የተናገረው አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነጋዴ ነው። የተናገረውም በሐምሌ፣ የየካ ተራራ ዝናብ ጠጥቶ በጠገበበት ሰሞን፣ «እንጦጦ ልወጣበት ነው፤ ጎማው ይሆነኛል ወይ?» ብሎ ለጠየቀው ወጣት ነው። ልጁ መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ግን አጥንት የሚያሰብር መልስ ነው። የአንድ ነጋዴ አፍ ወለምታ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት፤ ዛሬ ግን አከራዩም፣ አሠልጣኝ ነኝ ባዩም፣ ቅዳሜ ጧት በቡድን ሽቅብ የሚወጣውም ይህንኑ ይደግማል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ኤሌክትሪክ ከሆነ ሌላ ምንም ሊጠየቅበት የማይገባ የሚመስለው ሰው በዝቷል።

ሞተሩ ዳገት ያወጣል፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቶ በእግሩ ጉልበት ብቻ ቢሆን ከግማሽ መንገድ የሚመለስን ሰው፣ አየሩ ከሳሳበት ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ያደርሰዋል። ትልቅ ነገር ነው፤ ጉልበታቸው ለደከመና ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ተራራውን ከፍቶላቸዋል። ነገር ግን የወጣ ሁሉ ይወርዳል። ከእንጦጦ አናት እስከ ፈረንሳይ ድረስ ከ500 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አለ፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሥራ የለውም። የሚቀረው ክብደቱ ነው። ተራው የተራራ ብስክሌት 14 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ባትሪና ሞተር የተሸከመው ከ22 እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል። ነጂው 75 ኪሎ ቢሆን መቶ ኪሎ ያህል ነገር በጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ይምዘገዘጋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከመሬት ጋር የሚያገናኙት መዳፍ የማያክሉ ሁለት የጎማ ነጥቦች ናቸው። ፍሬኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚይዘው ቸርኬውን ነው፤ መሬቱን የሚይዘው ጎማው ነው። ጎማው ካልያዘ ቸርኬው ቆሞ ብስክሌቱ ይንሸራተታል። «የቀረውን ሞተሩ ይጨርሰዋል» የሚለው ሰው ለመሆኑ የትኛውን ቀሪ ነው የሚያወራው? ሰው የሚሰበረው ሲወርድ ነው።

ዳገቱ ላይ እንኳ አባባሉ አይቆምም። ከታወቁት የተራራ ብስክሌት ሞተሮች ብዙዎቹ 85 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠመዝዛሉ። በቀላሉ ማርሽ ላይ ይህ ኃይል በኋላ ጎማው በኩል መሬቱን ከ350 ኒውተን በላይ ሊገፋ ይችላል፤ የነጂው እግር የሚጨምረው ገና ሳይቆጠር። አሁን መሬቱን እንይ። ከመቶ ኪሎው 60 ያህሉ የኋላ ጎማው ላይ ቢያርፍና እርጥቡ ቀይ አፈር ከዚህ ክብደት ሲሦውን ብቻ መያዝ ቢችል፣ ጎማው ሳይንሸራተት ሊገፋ የሚችለው 200 ኒውተን ገደማ ነው። ሞተሩ ያለው ኃይል መሬቱ ከሚችለው በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ጭቃ ይረጫል፣ መሬቱን ይቆፍራል፤ ብስክሌቱ ግን አይሄድም። ኃይል በጨመረ ቁጥር ጎማ የሚጠየቀው ይበዛል። ነጋዴው ግን ኃይል ስላለ ጎማው ሊናቅ ይችላል ብሎ ያስተምራል፤ እውነቱ የዚህ ግልባጭ ነው።

የወፍራሙ ጎማ ፋሽን ደግሞ የባሰ ነው። ስፋቱ አራት ኢንች የሆነ ጎማ የተፈለሰፈው ለአላስካ በረዶና ለበረሃ አሸዋ ነው። በረዶውም አሸዋውም ጥልቅና ልል ስለሆነ ጎማው እንዳይሰምጥ ሰፊ ሆኖ ከላይ መንሳፈፍ አለበት። ዳናኪል ውስጥ አሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው ቢገዛው ሁለት እጄን አንስቼ እደግፈዋለሁ። የእንጦጦና የየካ ጭቃ ግን ሌላ ነው። ከላይ ጥቂት ሳንቲሜትር የሚያሟልጭ ቀይ አፈር አለ፤ ከሥሩ ጠንካራ መሬትና ድንጋይ ይገኛል። እዚህ የሚፈለገው ያንን ስስ ሙልጭልጭ ሽፋን ሰንጥቆ ጠንካራው ላይ የሚደርስ ጎማ ነው። በቅሎ ክረምቱን ሙሉ በዚያ ተዳፋት የምትወጣው ኮቴዋ ጠባብ ስለሆነና ጭቃውን ወግቶ ስለሚያልፍ ነው። ሰፊው ጎማ በጭቃው ላይ ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈ ጎማ ደግሞ የሚይዘው ነገር የለውም። በዚህ ላይ ጥርሶቹ አጫጭርና የተጠጋጉ ስለሆኑ ጭቃው በመሐላቸው ይጠቀጠቃል፤ ጥቂት እንደሄደ ጎማው እንደ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። ለክረምት የሚሆነው ስፋቱ ከ2.3 እስከ 2.4 ኢንች የሆነ፣ ጥርሱ ረዥምና የተራራቀ፣ ጭቃውን በሽክርክሪት የሚያራግፍ ጎማ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲታይ ቀጭንና ደካማ ይመስላል። ለዚህም ይመስለኛል የማይሸጠው፤ ገዥውም ሻጩም ጎማን በዓይናቸው ነው የሚመዝኑት።

መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲደርቅ ሁሉም ነገር ይለወጣል። በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጥቶ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በበጋ መንገዱን በቅጠልና በልጣጭ ያለብሰዋል። ደረቅ ቅጠል በደረቅ ጠንካራ መሬት ላይ ያንሸራትታል፤ ከቅጠሉ ሥር የተደበቀው ጠጣር የባሕር ዛፍ ፍሬ ደግሞ ጎማ ሥር ገብቶ ይንከባለላል። ዝናብ ያራቆተው ሥር ከመሬት ወጥቶ መንገዱን ያቋርጣል። ወደ ካራ አሎ በኩል ሲኬድ ድንጋዩ ይበዛል፣ ጠርዙም ስለት ነው። ለዚህ የክረምቱ ጎማ አይሆንም፤ ረዥሙ ጥርስ ጠንካራ መሬት ላይ ይተጣጠፋል፣ ቶሎም ይቆራረጣል። የበጋው ጎማ መሐሉ ጠጋ ጠጋ ያለ፣ የጎን ጥርሱ ግን መታጠፊያ ላይ የሚነክስ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ግድግዳው ወፍራም ይሁን። በተራ ብስክሌት ድንጋይን ዘለው ወይም በዝግታ ያልፉታል፤ 25 ኪሎውን ግን ማን ያዘልለዋል? ድንጋዩን በሙሉ ክብደት ነው የሚመታው። የቀጋው እሾህም አለ። ቱብለስ ጎማ ውስጡ ማሸጊያ ፈሳሽ ካለው እሾሁን ይችለዋል፤ የውስጥ ጎማ ያለው ግን በአንዲት እሾህ ብስክሌቱን እየገፋ ይመለሳል። ያውም ባትሪና ሞተር ያለውን።

ጎማ ውስጥ ስለሚሞላው ንፋስ ደግሞ ማንም አያወራም። አዲሱ ብስክሌት ተገዝቶ መጀመሪያ የሚቆመው ሰፈር ካለው ጎሚስታ ዘንድ ነው። ጎሚስታው ዕድሜውን ሙሉ የመኪና ጎማ ሲነፋ የኖረ ሰው ነው፤ 35 ወይም 40 ፒኤስአይ አድርጎ ጠንቶ እንደ ድንጋይ ሲሆንለት «ግሩም ነው» ይላል። በእሱ አልፈርድም። የምፈርደው ብስክሌቱን ሸጦ ስለ ንፋስ አንዲት ቃል ሳይናገር ገዥውን በሸኘው ነው። በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው ጣሪያ እንጂ የሚመከረው ልክ አይደለም። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ በ2.4 ኢንች ቱብለስ ጎማ፣ ከፊት 22 ከኋላ 25 ፒኤስአይ ያህል ጥሩ መነሻ ነው፤ ክረምት ላይ ትንሽ ይቀነሳል፣ ድንጋያማው ላይ ትንሽ ይጨመራል። በጣም ሲቀነስ ቸርኬው ድንጋዩን ይመታል፣ የውስጥ ጎማ ካለም በሁለቱ መሐል ተቆንጥጦ ይበሳል። በጣም ሲነፋ ደግሞ ጎማው ሥርና ድንጋይ ላይ መተኛቱን ትቶ ይነጥራል፤ የነጠረ ጎማ በዚያች ቅጽበት ፍሬንም መሪም የለውም። አንዳንዶች ደግሞ የከፍታውን ነገር አጋነው ያወራሉ። ከመገናኛ እስከ እንጦጦ አናት ያለው ለውጥ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ላይ ያለው ብርድም ከዚያ መልሶ ይቀንሳል። በጎሚስታው ዘንድ የተሳሳተው 15 ፒኤስአይ ግን አጥንት ይሰብራል።

አንድ ሌላ የሚያናድደኝ ልማድ አለ። በኤሌክትሪክ ብስክሌት የኋላ ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ ሞተሩ የሚገፋው በእሱ በኩል ነውና። ሲያልቅ አዲሱን ከኋላ ይገጥሙና ጥርሱ የተበላውን «ገና ይሠራል» ብለው ወደ ፊት ያዛውሩታል። ይህ ቁጠባ አይደለም። የኋላ ጎማ ሲከዳ ብስክሌቱ ይወላገዳል፣ ነጂው ብዙ ጊዜ ይቆጣጠረዋል። የፊት ጎማ ሲከዳ ግን ነጂው መሬት ላይ ነው፤ ለመቆጣጠር ጊዜ አይሰጥም። መሪውን የሚታዘዘው የፊት ጎማ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ የሚሄደው ወደ ፊት ነው። ምርጡ፣ ለስላሳውና በደንብ የሚይዘው ጎማ ከፊት ይሁን። ጠንካራውና ቶሎ የማያልቀው ከኋላ ይሂድ። ብዙ ገንዘብ ያልተረፈው ሰው ለአንድ ጎማ ብቻ የሚሆን ብር ካለው፣ ያቺን ብር የፊት ጎማ ላይ ያውላት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ነጂው ነው። ነጂው መርጦ የወጣ ነው፤ ሌሎቹ ግን አልመረጡም። በዚያ ተራራ ላይ ከ30 ኪሎ በላይ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች አሉ። ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጡ ምእመናን አሉ፣ ለእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚጓዙ ሕመምተኞች አሉ፣ ከብት የሚነዱ ልጆች አሉ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፍቶ ብስክሌቱ ከመብዛቱ ከብዙ ትውልድ በፊት ያንን ጠባብ መንገድ በእግራቸው ያወጡት እነሱ ናቸው። በነሐሴ እርጥብ አፈር ላይ የማይመጥን ጎማ የሞተር ኃይል ሲሽከረከርበት ቦይ ያወጣል። በሚቀጥለው ዝናብ ውኃው ያንን ቦይ ይዞ ይወርዳል፣ ያሰፋዋል፣ ያጠልቀዋል፤ አፈሩ ተጠርጎ ወደ ቀበና ወንዝ ይገባል። መስከረም ላይ መንገዱ ጉልበት የሚደርስ ፈፋ ሆኖ ይገኛል። ነጂው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። እንጨት የተሸከመችው እናት ግን በዚያው ፈፋ ነው የምትወርደው፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ሸክም እግሯ የሚያርፍበትን እንኳ አያሳያትም። «ጎማው ሰፊ ይሁን እንጂ» ብለው የሚያሾፉ ሰዎች ይህችን ሴት አንድ ቀን አስበዋት ያውቃሉ? የሚያበላሹት የእሷን መንገድ ነው። በዚህ ነገር ላይ ትዕግሥት የለኝም፤ እንዲኖረኝም አልፈልግም።

«ጎማ የለም፣ ካለም ውድ ነው፣ የመጣውን መግጠም ነው» ይሉኛል። ብስክሌቱን በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ብር የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ሲል አልቀበለውም። ሞተሩን፣ ባትሪውን፣ ቻርጀሩን ባሕር አሻግሮ ያመጣ ሰው ሁለት ጥንድ ጎማ ማምጣት አልቻልኩም ሲል፣ ያላመጣው ስላልተጠየቀ ነው። ስላልተጠየቀም «የቀረውን ሞተሩ ይጨርሰዋል» የሚለውን ወሬ ነዝቶ ገዥው እንዳይጠይቅ አደረገው። ገዥዎች ጥርሱን፣ ስፋቱን፣ የግድግዳውን ጥንካሬ መጠየቅ ቢጀምሩ ዕቃው በአንድ ዓመት ውስጥ ሱቁ ውስጥ ይደረደራል።

ሰኔ ሲገባ አከራዮች የበጋውን ጎማ አውርደው የክረምቱን ይግጠሙ። ከባድ ዝናብ ባደረ ማግስት የአፈሩን መንገድ ዘግተው ደንበኛቸውን በአስፋልቱ ይላኩት፤ አንድ ቀን ያጡት ኪራይ ከሚፈርሰው መንገድ ያንሳል። ጥርሱ ያለቀ የፊት ጎማ ያለው ብስክሌት ለማንም አይከራይ። ለእንጦጦ ክረምት የሚሆን ጎማ ይዞ ያልመጣ ነጋዴም ብስክሌቱን «ለእንጦጦ ይሆናል» ብሎ አይሽጥ።